ለሹሙ የሚራዘም፣ ለመራጩ የሚያልፍ ቀን!

(ለመራዊና አካባቢዋ ተወላጆች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



መድኃኒት ቀኑ ሲያልፍ ይጣላል። የመምረጥ መብትስ ቀኑ ሲያልፍበት ወዴት ይጣላል? ዛሬ የማነሳው ይኼንን ነው።

እንግሊዞች ድምፃቸውን በፖስታ መላክ ይችላሉ። ቀድሞ አንዴ የተመዘገበ ሰው ፊርማውን እያደሰ ላልተወሰነ ጊዜ ይቆይ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ሕጋቸው ግን ቢበዛ 3 ዓመት ብሎ ገደበው። ከጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የተመዘገቡት ደግሞ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲያበቃባቸው ተወሰነ። ቁም ነገሩ ምንድነው? የምርጫ ጽ/ቤቱ «ቀንህ ሊያልፍ ነውና አድስ» ብሎ ለመራጩ አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

እኛ ዘንድ በፖስታ መምረጥ የለም። ይምጣም አልልም። ፖስታችን የለመደው ሳጥን ቁጥር እንጂ ደጃፍ አይደለም፤ የሜጫ ገበሬ ደግሞ ሳጥን ቁጥር የት አለው? ቤት የሚሞላ ወረቀትማ የቀበሌ ሹም አጠገቡ ከቆመ ምስጢርነቱ ያከትማል።

ነገር ግን ቀን የሚያልፍባቸው ሰዎች አሉን። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ይሁን ይላል። ለወታደሮች፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለተፈናቃዮች ልዩ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል። ጥሩ ነው። እንግዲህ መራዊን አስቡ። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። እንዲህ ያለውን ፈርቶ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት የተጠጋ ሰው ካምፕ ውስጥ አይደለምና ተፈናቃይ ብሎ የሚቆጥረው ማነው? ባሕር ዳር 6 ወር አልሞላውም፣ መራዊ ደግሞ የለም። መብቱ በሁለት ቀበሌ መሐል ቀለጠ ማለት አይደለም እንዴ?

የሹሞቹ ቀን ሲያልፍስ? ምክር ቤቱ የተመረጠው ለ5 ዓመት ነበር። ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ኮሮና መጣ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ሥልጣኑ እንዲራዘም ወሰነ። ምርጫው የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ችግር ለሹም ቀን ካራዘመ፣ ለተሰደደው መራጭ ምነው ጨከነ?

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የምዝገባው መክፈቻና መዝጊያ ቀን በሬዲዮ፣ በገበያና በየደብሩ አስቀድሞ ይነገር። ሁለተኛ፣ ዘመድ ቤትና ኪራይ ቤት ያለ ተፈናቃይም በተፈናቃይነት ይቆጠርና ለትውልድ ቀዬው ይምረጥ። ሦስተኛ፣ የአለፈው ምርጫ መዝገብና የተረፈ ካርድ ታዛቢ ባለበት ተቆጥሮ ይወገድ፤ ሞቶ የተቀበረው በመዝገብ ላይ ቆሞ እንዳይመርጥ!

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ምርጫ ቦርድ መታጠቅ ያለበት ሩጫው ሳይጀመር ነው።