የልዩ ፍላጎት መምህሩ መሣሪያና የእኛ ሙያ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህራን ስለሚያስፈልጓቸው መርጃ መሣሪያዎችና ድጋፍ እንድናገር በጋበዙኝ ጊዜ አንዳንድ ወዳጆቼ ርእሱ ለመምህራን ጉባኤ እንጂ ለመሐንዲሶች ስብሰባ አይመችም ብለውኝ ነበር። እኔ በዚህ አስተያየት አልስማማም። ስለ ማስተማር ዘዴ የምናገረው የለኝም፤ እርሱ የባለሙያዎቹ ድርሻ ነው። የምናገረው ስለ ሞላና ስለ ዘንግ፣ ስለ አቧራና ስለ ወረቀት ውፍረት፣ እንዲሁም ስለ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። እነዚህ ደግሞ ሁላችንም የምንተዳደርባቸው ጉዳዮች ናቸው።

ከዘርፎቹ መካከል በቅርብ የማውቀውን፣ ይኸውም የዐይነ ሥውራን ተማሪዎችን መምህር ሥራ አስቀድማለሁ። በአገራችን አያሌ ዐይነ ሥውራን ሕፃናት የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በልዩ ትምህርት ቤት ወይም በልዩ ክፍል ከተማሩ በኋላ ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። በዚያ የሚያገኙት የታሪክ ወይም የሳይንስ መምህር አብዛኛውን ጊዜ ብሬል ማንበብ አይችልም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚቆመው የልዩ ፍላጎት መምህሩ ነው። ፈተናውን ከዐይናማ ጽሕፈት ወደ ብሬል ይገለብጣል፤ ተማሪው የመለሰውንም ከብሬል ወደ ዐይናማ ጽሕፈት መልሶ ለክፍሉ መምህር ያስረክባል። መጽሐፍ ሳይደርስ ሲቀር ምዕራፉን ራሱ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው የዕለቱ ትምህርት ካበቃ በኋላ ነው።

ብሬል የተባለው ጽሕፈት ሉዊ ብሬል የተባለው ፈረንሳዊ በ1824 (እ.ኤ.አ.) ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ያዘጋጀው ሲሆን፣ በስድስት ነጥቦች ላይ የቆመ ነው። ስድስቱ ነጥቦች 63 ዐይነት ቅርጽ ይሰጣሉ። የእኛ ፊደል ግን ሆሄያቱ ከሁለት መቶ በላይ ስለሆኑ ለእያንዳንዱ አንድ ቅርጽ ማደል አይቻልም። በመሆኑም በአማርኛው ብሬል ተነባቢውና አናባቢው እየተለያዩ ይጻፋሉ፤ በዐይን አንድ ሆኖ የሚታየው «ባ» በጣት ሲዳሰስ ሁለት ነው። ነጥቡ ከወረቀቱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይነሣል፤ በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከአንዱ ቅርጽ እስከ ቀጣዩ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልኩ ከጣት ጫፍ ጋር የተመዛዘነ ስለሆነ እንደ ዐይናማው ጽሕፈት አሳንሶ ወረቀት መቆጠብ አይቻልም። ስለሆነም በአንድ እጅ የሚያዝ የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ብሬል ሲመለስ በርካታ ወፋፍራም ጥራዞች ይወጣዋል። ወረቀቱም ተራ ወረቀት ሊሆን አይችልም፤ ቀጭን ከሆነ ነጥቡ ይበሳዋል፤ ባይበሳው እንኳ ጥቂት ጊዜ ከተዳሰሰ በኋላ ይጠፋል። አንድ አንጋፋ መምህር ከሁሉ ይልቅ የሚቸገሩበትን ነገር ስጠይቃቸው የኮምፒዩተር ስም ይጠሩልኛል ብዬ ስጠብቅ የጠሩልኝ ወፍራም ወረቀት ነበር።

ለጽሕፈቱ በብዛት የሚያገለግሉት «ስሌትና ስታይለስ» የተባሉት ባለ ቀዳዳው ሠሌዳና መውጊያው ናቸው። ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፤ በቀላሉም አይሰበሩም። ነገር ግን ነጥቡ ወደ ታች ስለሚወጋ ልጁ የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቅርጹንም እየገለበጠ ነው፤ የጻፈውን ለማንበብ ወረቀቱን አውጥቶ መገልበጥ አለበት። እንግዲህ ማናችንም ብንሆን የጻፍነውን መሥመር ሳናይ የሂሳብ ስሌት እንድንሠራ ብንጠየቅ ምን ያህል እንደምንራመድ አስቡት።

ይህን ችግር የፈታው መሣሪያ የፐርኪንስ የብሬል መጻፊያ ነው። የነደፈው ዴቪድ አብርሃም በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ በሚገኘው የፐርኪንስ የዐይነ ሥውራን ትምህርት ቤት የእጅ ሙያ መምህር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ማምረቱ ዘግይቶ በ1951 (እ.ኤ.አ.) ተጀመረ። ስድስት ቁልፎች ለስድስቱ ነጥቦች፣ አንድ ቁልፍ ለክፍት ቦታ፤ ሲጫኑት ነጥቡ ከታች ወደ ላይ ስለሚወጣ ልጁ የጻፈውን ወዲያው በጣቱ ያነባል። በአንድ ገጽ 25 መሥመር፣ በአንድ መሥመር 42 ቅርጽ ይይዛል፤ ክብደቱ ወደ 5 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። እኔ ከሚያስደንቁኝ ሜካኒካዊ መሣሪያዎች አንዱ ነው። የሠራው ሰው ከተጠቃሚዎቹ ጋር በአንድ ግቢ ይውል የነበረ ሰው መሆኑ ከያንዳንዱ ቁልፍ አቀማመጥ ይታወቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ለሌላ ሥራ በሄድኩበት ወቅት አንዲት መምህርት ወደ ትምህርት ቤታቸው ዕቃ ግምጃ ቤት ወሰዱኝ። አራት የብሬል መጻፊያዎች «ከአገልግሎት ውጭ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው በመደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። በጊዜው ሰባተኛ ክፍል የነበረች ተማሪያቸው መልሷን በቃል እየነገረቻቸው እርሳቸው ይጽፉላት ነበር። መምህርቷን ያሳሰባቸው ድካማቸው አልነበረም፤ ልጅቷ በገዛ እጅዋ መጻፍ ካቆመች ወዲህ የፊደል አጣጣሏ እየተበላሸ መሄዱ ነው። ሌላ ሰው የሚጽፍለት ተማሪ ቃሉን ያውቃል እንጂ ሆሄውን አያውቅም።

መሣሪያዎቹን ለመክፈት ፈቃድ ማግኘቱ ከጥገናው የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ የተመዘገበ ንብረት ያለ ደብዳቤ አይፈታምና። ሲከፈቱ በአንዱም ውስጥ ለአሳር የሚሆን ብልሽት አልነበረም። ለስላሳ እንዲሆን በማሰብ አንድ ቅን ሰው የስፌት መኪና ዘይት አፍስሶባቸዋል፤ ዘይቱ የጠመኔ ብናኝና አቧራ ሰብስቦ እንደ ሙጫ ደርቋል። ስለዚህ ቁልፉ ሲጫኑት ወርዶ አይመለስም። አጽድተን፣ የላሉትን ብሎኖች አጥብቀን፣ ከቀትር በኋላ ሦስቱ ሠሩ። አራተኛው የተሰበረ ክፍል ስለነበረው መለዋወጫ እየጠበቀ ቀረ። ያለ ሽፋን መቀመጥ የለባቸውም ብዬ ስናገር መምህርቷ በማግስቱ ከአሮጌ መጋረጃ ሽፋን ሰፍተው አመጡ። የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ሦስት መሣሪያዎች ግን ዓመታት ሙሉ ሳይነኩ ቆይተዋል።

በሕግና በመመሪያ ረገድ የተጓደለው ይህን ያህል አይደለም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ትምህርትን ጠቅሶታል፤ በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጥቷል፤ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2010 (እ.ኤ.አ.) አጽድቃለች። አንዱ ትምህርት ቤት በዙሪያው ላሉት መሣሪያና ባለሙያ የሚያካፍልበት የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከልም ተቋቁሟል፤ እጅግ የሚደገፍ አሳብ ነው። ሆኖም ባየኋቸው ማዕከላት የዕቃው መረከቢያ ሰነድ በደንብ ተሞልቶ ሳለ ዕቃው ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው የሚገልጽ አንድ መሥመር አላገኘሁም። ዕርዳታ ሰጪው ያስረክባል፤ ንብረት ክፍሉ ይመዘግባል፤ መምህሩም የመጀመሪያው ቁልፍ እስኪጣበቅ ድረስ ይጠቀምበታል።

መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩትም ከዚህ የራቀ ችግር የለባቸውም። የማዳመጫ መሣሪያው በስጦታ ይመጣል፤ ባትሪው ግን አየር ካገኘበት ሰዓት ጀምሮ ማለቅ የሚጀምር ዐይነት ነው፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ አይዘልቅም። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ቅርጽም ልጁ ባደገ ቁጥር ይጠበዋል። ከዚህ ይልቅ በቀጥታ እኛን የሚመለከተው የመማሪያ ክፍሉ ነው። መሣሪያው ድምፅን ሁሉ ያጎላል፤ የመምህሩንም፣ የወንበሩንም፣ የማሚቶውንም። በክፍል ውስጥ የድምፅ ማስተጋባት ከ0.6 ሴኮንድ እንዳይበልጥ የሚመክሩ የታወቁ መለኪያዎች አሉ። በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ፣ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በላዩም የሐምሌ ዝናብ፤ ይህን የሠራነው እኛ ነን። ኮርኒስ ማልበስና በኋለኛው ግድግዳ ላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም ሰሌን መስቀል ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል። በምልክት ቋንቋ ለሚማሩት ደግሞ ጥቁር ሰሌዳው በመስኮት በኩል እንዳይሆን ማድረግ ይበቃል፤ ብርሃን ከጀርባው ያለው መምህር እጁም ፊቱም ጥላ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። በየምረቃው ትርኢት ወጣት መሐንዲሶቻችን ለዐይነ ሥውራን የሚጮኽ በትርና የሚናገር መነጽር ያቀርባሉ። ተሰጥኦአቸውን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን አብዛኛው ከትርኢቱ ጠረጴዛ አልፎ ወደ አንድ ክፍል ሲገባ አላየሁም። መምህሩን አስቀድሞ የጠየቀው ሰው የለምና። ለሂሳብ ትምህርት ሦስት ማዕዘኑን በጣት የሚዳሰስ አድርጎ መሥራት ያለበት መምህር የሚፈልገው ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ምንጣፍና የልብስ ሰፊ ጥርሳም መንኮራኩር ነው፤ ወረቀቱን ላስቲኩ ላይ አኑሮ ሥዕሉን ከጀርባው ገልብጦ ቢያስኬድበት መሥመሩ በፊት ለፊት ይነሣል። ከአዲሱም ቴክኒክ ቢሆን በነጻ የሚገኝ አለ፤ ኤንቪዲኤ የተባለው የኮምፒዩተር ገጽ አንባቢ በነጻ ይታደላል፤ ሊብሉዊ የተባለው ወደ ብሬል መላሽ ፕሮግራም የኢትዮጵያን ፊደል ሠንጠረዥ ይዟል። የጎደለው ፕሮግራሙን ጭኖ ለመምህሩ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ነው።

ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ እንግዲህ አጭር ነው። ቅርንጫፎቻችን በየመንፈቀ ዓመቱ ከትምህርቱ መከፈት በፊት ሁለት ቀን መድበው በአካባቢያቸው ባለው ማዕከል የተከማቸውን መሣሪያ ይጠግኑ፤ በሥራው ጊዜ መምህሩ አብሮ ይቀመጥ፤ ጽዳቱንና ቀላሉን ጥገና በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ እንዲሠራው። ዘይት የማይገባበትን ቦታ የሚያሳይ ባለ ሥዕል የአማርኛ መመሪያ በማኅበሩ ወጪ ይታተም። የተሰበሩትን ትንንሽ ክፍሎች በከተማችን ካሉት የብረታ ብረት መሥሪያ ቤቶች የትኞቹ ሊያወጧቸው እንደሚችሉ ይጠና። ከንብረት ክፍሎች ጋር የሚደረገውን መጻጻፍ ደግሞ በግለሰብ ስም ሳይሆን በማኅበሩ ማኅተም እናድርገው፤ በዚያች ከተማ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ያስፈለገኝ እርሱ ነበር።

መለዋወጫ ሲጠብቅ የኖረውን አራተኛውን መሣሪያ ይዤው መጥቻለሁ፤ ክዳኑ ተነሥቶ በአዳራሹ ጀርባ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መምህርቷም በእንግድነት ከእኛ ጋር ናቸው። የተሰበረውን ክፍል ለክታችሁ ንድፉን ማውጣት የምትፈልጉ ካሊፐር በጠረጴዛው ላይ ታገኛላችሁ፤ ስለ አጠቃቀሙ የምትጠይቁትን ግን ለእኔ ሳይሆን ለእርሳቸው አቅርቡ።