ቡገንቪሊያን በጠባብ ግቢ ስለ ማሳደግ
(ለሲኒማ ራስ አካባቢ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ክረምቱ ሳይገባ «በግቢያችን ምን ብንተክል ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ሰፊ ግቢ የለንም፤ ያለን ግድግዳና የቆርቆሮ አጥር ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ስለሚያድገው ስለ ቡገንቪሊያ ነው።

የዚህ ተክል የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1766 እስከ 1769 ዓለምን በመርከብ ከዞረው ፈረንሳዊ፣ ከሉዊ አንትዋን ደ ቡገንቪል ነው። በአገራችን እንደ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ያለውን ሞቃት አየር ይወዳል። አዲስ አበባ ደጋ ብትሆንም፣ ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር እዚህም ያምራል። አበባ የምንለው ቀዩ ወይም ሐምራዊው ነገር በእርግጥ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት።

አተካከሉ ቀላል ነው። በሰኔ መግቢያ የእርሳስ ውፍረት ያለውን ቅርንጫፍ በስንዝር ልክ ቆርጦ በጥላ ሥር ማጽደቅ ነው። መሬት ለሌለው ሰው ታቹ የተበሳ በርሜል ይበቃዋል። ሥሩ ስስ ስለሆነ ሲዛወር አፈሩ አይበተንበት። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ከጸደቀ በኋላ ግን ውኃ አታብዙበት፤ ውኃና ፍግ የበዛበት ቡገንቪሊያ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰን ለእኛ ይህ ጥሩ ጠባይ ነው፤ ጎመን የታጠበበት ውኃ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ቡገንቪሊያ ተጠምጥሞ የሚይዝበት ነገር የለውም፤ በእሾሁ እየተንጠላጠለ ያገኘው ላይ ይወጣል። ዝም ከተባለ የጎረቤት ጣራ ይሸፍናል፣ አሸንዳ ይደፍናል፣ የመብራት ሽቦ ላይ ይደርሳል። ከሥሩ የሚጠራቀመው ደረቅ ቅጠልና ጭራሮም ለእሳት የተመቸ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ሁላችንም እናስታውሳለን። መነሻው አበባ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ቤቶቻችን እንደዚህ ተጠጋግተው ሳለ እሳት ከደጅ ወደ ደጅ ለመሻገር ጊዜ አይፈጅበትም ማለታችን ነው።

በመሆኑም የሚተክል ሁሉ የሚከተሉትን እንዲጠብቅ እናሳስባለን።

1ኛ. ግድግዳው የጋራ ከሆነ አስቀድሞ ከጎረቤት ጋር መነጋገር፤
2ኛ. ከመብራት ምሰሶና ሽቦ አርቆ መትከል፤
3ኛ. በእንጨት መደገፊያ ላይ በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጎ ማሰር። ቁራጩ በሠፈራችን አይጠፋም፤ ሽቦ ግን ልጡን ይቆርጠዋል፤
4ኛ. አበባው ባለቀ ቁጥር መግረዝ፤ አዲስ አበባ የሚወጣው በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ነውና የገረዘ አይከስርም፤
5ኛ. እሾሃሙን ግራጅ ልጆች በሚጫወቱበት አለመጣል፣ በግቢም ውስጥ አለማቃጠል፤
6ኛ. ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ካለ በራስ እጅ ሳይነኩ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማሳወቅ።

ይህ ሁሉ አትትከሉ ለማለት አይደለም። ትከሉ፤ ግን መቀሱ ከእጃችሁ አይለይ። በሰኔ የገረዛችሁትንም ሁሉ አትጣሉት፤ ጥሩ ጥሩውን ለጎረቤት ስጡ፤ ለእሱ ችግኝ ነው።