ዝም ያለ ልጅ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ስለ ልጅ አስተዳደግ እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ ደነገጥን። ልጅ ያላሳደገ ሰው ለአሳዳጊዎቹ ምን ሊነግራቸው ይችላል? ኋላ ግን፥ ማሳደጉን ባናውቀው ማደጉን እናውቀዋለንና ደፍረን ቆመናል።

በእንግሊዝ አገር የሆነውን እናስቀድም። ከ70 ዓመት በፊት በዚያ አገር ብዙ ሆስፒታሎች ወላጆች የታመመ ልጃቸውን እንደ ልባቸው ገብተው እንዲጠይቁ አይፈቅዱም ነበር። ልጁ እናቱን ሲያይ ያለቅሳል፥ ካላያት ግን ዝም ይላል፥ ይለምዳል ይሉ ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ሰው ይህን ዝምታ ተጠራጠረው። በ1952 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ለቀዶ ሕክምና ገብታ ስምንት ቀን የቆየች የሁለት ዓመት ልጅ የሚያሳይ ፊልም አወጣ። ልጅቱ ብዙም አታለቅስም። ነገር ግን እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ፊቷን ታዞርባታለች፤ ወደ ቤት በሚሄዱበትም ቀን የእናቷን እጅ አልይዝም አለች።

ሮበርትሰንና የሥራ ባልደረባው ዶክተር ጆን ቦልቢ እንደ ተረዱት፥ ከእናቱ የተለየ ሕፃን መጀመሪያ ያለቅሳል፥ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፥ በመጨረሻም ልቡን ከእርሷ ያርቃል። አስታማሚዎቹ ለመደ ያሉት ይህን የመጨረሻውን ነበር። በ1959 በሰር ሃሪ ፕላት የተመራው ኮሚቴ ወላጆች በማናቸውም ሰዓት ልጃቸውን እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀረበ። (እናት ስንል አያትንም ማለታችን ነው፤ ከመካከላችን በአያቱ ጀርባ ታዝሎ ያደገ ብዙ ነው።)

ወደ አገራችን ቀረብ ስንል ደግሞ፥ ሜሪ ኤንስዎርዝ የተባለች ተመራማሪ በ1954ና በ1955 በኡጋንዳ፥ በካምፓላ አጠገብ ባሉ መንደሮች፥ 26 ቤተ ሰቦችን እየዞረች አየች። እናቱን የተማመነ ሕፃን እየዳኸ ይርቃል፥ ዞር ብሎ ያያታል፥ ተመልሶ ይነካታል፥ እንደ ገናም ይሄዳል። በኋላም በአሜሪካ፥ በባልቲሞር ከተማ ባደረገችው ጥናት፥ ሲያለቅሱ ቶሎ የተደረሰላቸው ሕፃናት ዓመት ሲሞላቸው ከሌሎቹ ያነሰ የሚያለቅሱ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ «አታንሡት፥ ይሞላቀቃል» የሚለውን ምክር እኛ አንቀበለውም።

በእኛ ዘንድ ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን ልጅ ሁሉ ያመሰግነዋል። አክብሮትን አንጠላም፤ ያሳደጋችሁን በእርሱ ነውና። ዳሩ ግን ዝምታው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህን ንግግር ስናዘጋጅ «ፈተና ብትወድቅ መጀመሪያ ለማን ትነግራለህ?» ብለን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። ለጓደኛዬ ያለው ብዙ ነው፤ ለታላቅ እኅቴ ያለም አለ፤ ለአባቴ ያለው ግን አንድ ብቻ ነበር። እርሱንም ሁላችን ቀናንበት።

የዚህ ዓመት ውጤታችን በሚመጣው ሳምንት ይሰጣል። ቤት ገብተን ዝም ካልን፥ እባካችሁ፥ ምን ሆነሃል፥ ምን ሆነሻል በሉን።