የጢም መላጫ ሳሙና በቤት ስለ መሥራት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በበዓላችን ቀን ስለ ታላላቅ ነገር የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች የሆንን አራት ተማሪዎች ግን ስለ አንዲት ትንሽ ነገር፥ ይኸውም ስለ ጢም መላጫ ሳሙና፥ ጥቂት ቃል እንድንናገር ተፈቅዶልናል። ነገሩ ለአንዳንዶቻችሁ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህች ትንሽ ነገር ምክንያት የአንድ ጓደኛችን ፊት ተቃጥሎ ነበር። ስለዚህ የተማርነውን ብቻ ሳይሆን ያጠፋነውንም መናገር ይገባናል።

መጀመሪያ ሥራውን ለምን እንደ ጀመርነው እንግለጽ። ጢማችን ማቆጥቆጥ በጀመረ ጊዜ፥ እንደ ብዙ ወጣቶች ሁሉ፥ ፊታችንን በልብስ ሳሙና አሸት አድርገን በችኮላ እንላጭ ነበር። ከጥቂት ቀንም በኋላ በአንገታችን ላይ የሚያሳክኩ እባጮች ይወጡብን ጀመር። ጥምዝ የሆነ ጠጕር በጣም አጥሮ ሲቈረጥ ጫፉ ተመልሶ ወደ ቆዳ ይገባል፤ ቆዳውም እሾህ እንደ ተሰካበት ሁሉ ያብጣል። ጠጕሩ ሳይርስ በደረቁ ከተላጨ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ውኃ የጠጣ ጠጕር ግን ይለሰልሳል፤ ምላጩም በቀላሉ ይቈርጠዋል። እንግዲህ የመላጫ ሳሙና ሥራው ማጽዳት ብቻ አይደለም፤ አረፋው ሳይከስም ቆይቶ ውኃውን በጠጕሩ ላይ መያዝና ምላጩን ማንሸራተት ነው። የልብስ ሳሙና አረፋ ይህን ያህል አይታገሥም።

ታዲያ ሳሙና ምንድን ነው? ስብ ወይም ዘይት ከኃይለኛ አልካሊ ጋር ሲዋሐድ ወደ ሳሙናና ወደ ግሊሰሪን ይለወጣል። ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1823 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የእንስሳትን ስብ ጠባይ መርምሮ ይህን ነገር ግልጽ አድርጓል። አልካሊውም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ኮስቲክ ሶዳ፥ ሁለተኛው ኮስቲክ ፖታሽ ይባላል። በሶዳ የተሠራ ሳሙና ጠንካራ ነው። በፖታሽ የተሠራው ግን ለስላሳ ከመሆኑም በላይ በውኃ ቶሎ ይሟሟል። ለመላጫ ሳሙና ሁለቱን ማደባለቅ ይሻላል። ከስብም ወገን የበሬ ሞራ ስቴአሪክ አሲድ የሚባለው ነገር ስላለበት አረፋውን ወፍራምና ጽኑ ያደርገዋል፤ ጥቂት የጉሎ ዘይት ሲጨመርበት ደግሞ ሳሙናው በቶሎ ይሟሟል።

አንዳንድ እናቶች፥ «እንዶድስ ቢሆን ምን አለበት?» ብለው ጠይቀውናል። እንዶድ ልብስን እንደሚያነጣ እነርሱ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ነገር ግን የእንዶድ አረፋ የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ነገር ነው እንጂ ከስብ አይደለም። ኃይለኛነቱንም ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ አካባቢ ተመልክተዋል፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ዐይንንም ስለሚያቃጥል ለፊት አልመረጥነውም።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። ባለፈው ጊዜ ለዚህ በዓል መዋጮ እንዲሆን ዐሥር ሳሙና ሠርተን ነበር። 350 ግራም የበሬ ሞራና 50 ግራም የጉሎ ዘይት መዘንን። የአልካሊውን ልክ ለማወቅ የተመለከትነው ሰንጠረዥ ሁለት ዐምድ ነበረው፤ አንዱ ለሶዳ፥ አንዱ ለፖታሽ። በእጃችን የነበረው ሶዳ ብቻ ነበር፤ ቁጥሩን ግን በችኮላ ከፖታሹ ዐምድ ወሰድን። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ ቢሠሩም ክብደታቸው እኩል አይደለም፤ 10 ግራም ሶዳ የሚሠራውን ለመሥራት 14 ግራም ፖታሽ ያስፈልጋል። ስለዚህ 56 ግራም ሶዳ በሚበቃበት 78 ግራም ጨመርን። ትርፉ 22 ግራም በሳሙናው ውስጥ ተደብቆ ቀረ።

ሳሙናው ነጭና ጠንካራ ሆኖ ወጣ፤ እኛም ደስ አለን። ዘጠኙን በወረቀት ጠቅልለን ከአንዳንድ መምህራንና ወላጆች ገንዘብ ተቀበልን። በዐሥረኛው አንዱ ጓደኛችን ተላጨ። ወዲያው ጕንጩ እንደ በርበሬ ቀላ። የትምህርት ቤታችን ነርስ ፊቱን በብዙ ውኃ ደጋግመው አጠቡት፤ ይሁን እንጂ አንድ ሳምንት ሙሉ በጨርቅ ተሸፍኖ ክፍል ገባ።

በዚያን ቀን ማታ ተሰብስበን ተከራከርን። ከመካከላችን፥ «የእርሱ ቆዳ ስስ ስለሆነ ነው፤ ሳሙናው ምንም አልሆነም፤ ገንዘቡንም ተቀብለናል» ያልን ነበርን። ይህን ስንል የተቃጠለው ጓደኛችን ከአጠገባችን ተቀምጦ ይሰማን ነበር። አንድም ቃል አልተናገረም። በማግስቱ ከተጠቀለለው ሳሙና ጥቂት ፍቀን በአልኮል አሟሟንና ፌኖልፍታሌን የሚባለውን ፈሳሽ ጠብ አደረግንበት። ጥሩ ሳሙና ቢሆን ኖሮ መልኩ ባልተለወጠ ነበር። የእኛው ግን እንደ ጽጌረዳ አበባ ቀላ፤ ክርክሩም በዚያው አበቃ። ገንዘባችሁን መልሰንላችሁ ምክንያቱን ሳንነግራችሁ የቀረን ወላጆችና መምህራን ሆይ፥ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልን። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረት በእኛ ላይ ደረሰ።

ሁለተኛውን ሳሙና የሠራነው በመምህራችን ፊት ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ሞራውና የጉሎው ዘይት ልክ እንደ መጀመሪያው ነው። ለዚህ 50 ግራም ኮስቲክ ፖታሽ፥ 21 ግራም ኮስቲክ ሶዳና 150 ግራም ውኃ ያስፈልጋል። በገበያ የሚገኘው ፖታሽ ብዙውን ጊዜ ከ100 እጅ 90 እጁ ብቻ ንጹሕ ስለሆነ ሒሳቡ ይህን አስቦ የተሠራ ነው። ከስቡም 5 እጅ ያህሉ ሳይለወጥ እንዲተርፍ ሆን ብለን አልካሊውን አሳንሰናል፤ ይህ ለቆዳ ጥበቃ ነው። ሁሉም በሚዛን ይመዘን እንጂ በስኒ ወይም በማንኪያ አይሰፈር።

መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ መስኮትም ክፈቱ። አልካሊውን ቀስ እያላችሁ ወደ ቀዝቃዛው ውኃ ጨምሩ፤ ውኃውን በአልካሊው ላይ ከቶ አታፍስሱ፤ ፈልቶ ይረጫልና። በአሉሚኒየም ድስት አትሥሩ፤ አልካሊው ብረቱን እየበላ ሃይድሮጅን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። የማይዝግ ብረት ድስት ይሻላል። ሞራው በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ድስት ከቀለጠ በኋላ አልካሊውን በቀስታ እየጨመራችሁ አማስሉ። እንደ ገንፎ ሲወፍር ክደኑትና አልፎ አልፎ እያማሰላችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል በዚያው ሙቀት ላይ ይቆይ። ከዚያ 20 ግራም ግሊሰሪን ጨምሩበት፤ በጽዋ ጠቅጥቃችሁ አራት ሳምንት አሳድሩት። በአልኮል ሳትፈትኑም በፊታችሁ ላይ አታድርጉት። አልካሊ ቆዳ ከነካ ብዙ ጊዜ በሚፈስ ውኃ ይታጠብ፤ ወደ ዐይን ከገባ ግን እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ታናናሾቻችን ይህን ሥራ ከመምህር ወይም ከወላጅ ጋር ካልሆነ አይሞክሩት።

ስትላጩም ፊታችሁን በሞቀ ውኃ አርሱ፤ አረፋውን በቡሩሽ ቀብታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሡ፤ ጠጕሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ላጩ። እያንዳንዱም የራሱ ምላጭ ይኑረው፤ የጉበት በሽታና ኤች.አይ.ቪ. በደም ይተላለፋሉና ምላጭ መዋዋስ የወዳጅነት ምልክት አይደለም።

በኤግዚቢሽኑ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ሳሙና ይህ ሁለተኛው ነው። በአልኮል ተፈትኗል፤ አልቀላም። ከእኛም መጀመሪያ የተላጨበት ያው ፊቱ የተቃጠለው ጓደኛችን ነው። ማንም አላስገደደውም፤ እንዲያውም እኛ እንፈትነው ስንለው፥ «አሁንማ መዝናችሁታል» ብሎ ጽዋውን ከእጃችን ወሰደ። ዛሬ ከመካከላችን ቆሞአል፤ ጕንጩንም ማየት ትችላላችሁ።