ታርጋው 29 ይላል፣ መለኪያው 34



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ነበር፤ የመድረክ መሪው ይቅር ይበሉኝና ስለ ወፍጮ ሞተር ልናገር ነው።

አምና የእኛ ቀበሌ መሠረታዊ ማኅበር አዲስ ወፍጮ አስተከለ። የሞተሩ ጉልበት 15 ኪሎ ዋት ሲሆን ታርጋው ላይ 380 ቮልት፣ 29 አምፔር ተጽፏል። በርክክቡ ቀን ባዶውን ሲዞር ድምፁ ያማረ ነበር፤ እልልታው ቀለጠ። በቆሎ ሲገባበት ግን መለኪያው 34 አምፔር አሳየ። ጥቂት ቆይቶም ኦቨርሎዱ አጠፋው። የአቅራቢው ባለሙያ «ኦቨርሎዱን ከፍ አድርገን እናስረው፣ ይሠራል» አለ። ኮሚቴውም የዱቄቱን አወራረድ አይቶ ለመፈረም ብዕር አንሥቶ ነበር።

የእኔ ዲፕሎማ በዕፅዋት ሳይንስ ነው፤ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። ሂሳቡ ግን ከባድ አይደለም። የሽቦው ሙቀት የሚያድገው አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። አምፔሩ 17 በመቶ ሲያልፍ ሙቀቱ 37 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሽቦው ሽፋን ደግሞ ከተሠራለት ልክ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። በዚያ ላይ ታርጋ በመደበኛው የሚጻፈው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ታስቦ ነው፤ እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ስስ አየራችን ሞተሩን በወጉ አያቀዘቅዘውም። ኦቨርሎዱን ከፍ ማድረግ እንግዲህ ዘበኛውን ማስተኛት ነው።

ቮልቱም ሲለካ 350 ነበር። የገበያ ዋዜማ ስለነበር ምጣዱ ሁሉ ተጥዶ ይሆናል። ቮልት ሲወርድ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ተጨማሪ አምፔር ይስባል። ይህ ብቻውን ግን ከ32 አያሳልፈውም። የቀረው የፑሊው ጣጣ ነው፤ የሞተሩ ፑሊ ሰፍቶ ወፍጮውን ከልክ በላይ ያሽከረክረው ነበር።

አልተፈረመም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እናቶች እህላቸውን ተሸክመው ጎረቤት ቀበሌ ሲሄዱ የተረገምኩት እኔ ነኝ። አነስ ያለ ፑሊ ተገጥሞ ቀንም ማታም ሲለካ ከ28 አላለፈም። ወረፋው ረዝሟል፣ አልክድም።

ወፍጮም ሆነ የመስኖ ፓምፕ የምትረከቡ ማኅበራት፣ ሞተሩ ሙሉ ጭነት ይዞ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሳይሠራ፣ የሦስቱም ፌዝ አምፔርና ቮልት ከነሰዓቱ በርክክብ ሰነዱ ላይ ሳይሰፍር አትፈርሙ። መለኪያውን ዩኒየኑ አንድ ገዝቶ በየማኅበሩ እንዲያዞረው ለሥራ አመራር ቦርዱ ጥያቄዬን አቀርባለሁ።