የቱን ክፍል እንለውጥ? የተራራ ብስክሌት አካላትን ስለ መምረጥና ስለ ማሻሻል

ርዕሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ፈገግ ያሉ ባልደረቦች እንደ ነበሩ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። ስለ ድልድይና ስለ ተርባይን ስናገር የኖርኩ ሰው ስለ ብስክሌት ለመናገር መነሣቴ እኔንም ትንሽ አስገርሞኛል።

ምክንያቴ ግን ቀላል ነው። በየዓመቱ ተማሪዎች የብስክሌታቸውን ፎቶግራፍ በስልካቸው ይዘው ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ምኗን ልለውጥላት?» ብስክሌቷ አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለች የተራራ ብስክሌት ናት። ከጥርጊያ መንገድ ወጥታ በጫካ ዱካ፣ በድንጋይና በሥር ላይ የምትነዳ፣ በሙያው ቋንቋ ትሬል የምትባለው ዓይነት ናት። መለዋወጫው ደግሞ ከገበያ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለች አክስት በዓመት አንድ ጊዜ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛ የምትመጣው አንድ ዕቃ ነው። ዓመት ሙሉ የተጠበቀ አንድ ዕቃ በስሕተት ከተመረጠ ሌላ ዓመት ይጠበቃል። እንግዲያው ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ክብደት አለው። እኔም በዚህ ጉዳይ የሠራሁት ጥፋት ስላለ፣ ወደ ኋላ ላይ እርሱን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

የዚህ ብስክሌት ታሪክ ራሱ የማሻሻል ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር፣ በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የሚኖሩ ወጣቶች በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ ከባድ የሽዊን ብስክሌቶችን እየሰበሰቡ ቁልቁለት ይወርዱባቸው ነበር። የኋላው ፍሬን በሞዞው ውስጥ የተቀበረ፣ ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ዓይነት ነበር። ቁልቁለቱ አልቆ ታች ሲደርሱ በሞዞው ውስጥ ያለው ግራሶ በሙቀት ነድዶ ጢሱ ይወጣ ነበር፤ ሞዞውንም ፈትተው ግራሶ እንደ ገና ይሞሉት ነበር። ከ1976 ጀምሮ ውድድር የተካሄደበት ያ ቁልቁለት «ሪፓክ» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፤ «እንደ ገና መሙላት» ማለት ነው። ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ሥራ ብሎ አዲስ ፍሬም እስኪሠራ ድረስ፣ እነ ጋሪ ፊሸር በአሮጌው ብረት ላይ የሞተር ብስክሌት የፍሬን እጀታ፣ ማርሽና የተሻለ ፍሬን ይገጥሙ ነበር። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች የለወጡት ተራራው አቃጥሎ ያሳያቸውን ነው። የዛሬው ገዢ ግን የሚለውጠው ካታሎግ ያሳየውን ነው። የእኔም ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፦ የሚለወጠውን ክፍል መንገዱ ይምረጠው።

ከፍሬን እንጀምር። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 90 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል፤ ከእንጦጦ ጫፍ ተነሥተውም 300 ሜትር ቁልቁል ወረዱ። በታች ቆመው ሲገኙ፣ 265 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጧል። ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል፤ ቁልቁለቱ ቀጥ ያለና ጠማማ ከሆነ ግን የሚበዛው የፍሬን ዕዳ ነው። ይህ ሙቀት ለጋ ሊትር ያህል ውኃ ከክፍል ሙቀት አንሥቶ እስከ 90 ዲግሪ ሊያደርስ ይችላል፤ አንድ ትልቅ ጀበና ያፈላል ማለት ነው። ያንን ሁሉ የሚሸከሙት እንደ ብርጭቆ ማስቀመጫ የሳሱ ሁለት የብረት ዲስኮች ናቸው።

ስለዚህ የዲስኩ ስፋት የጌጥ ጉዳይ አይደለም። የማቆሚያው ጉልበት ከማዕከሉ በራቀ መጠን የመጠምዘዝ ኃይሉ ይጨምራል፤ ባለ 160 ሚሊ ሜትሩን ዲስክ በ203 ብንተካ ጣታችን በእጀታው ላይ የሚያደርገው ጫና ሳይጨምር 27 በመቶ ያህል እናተርፋለን። ሙቀቱን የሚያበርድ ገላም አብሮ ይጨምራል። ወጪው ደግሞ ከአዲስ ፍሬን ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ አንድ ዲስክና አንድ ማስማሚያ ብቻ ይፈልጋል። ነገር ግን ሹካውና ፍሬሙ የሚፈቅዱት ትልቁ ልክ በአምራቹ ሰነድ ላይ ተጽፎ ይገኛልና እርሱ ሳይታይ ዕቃ አይታዘዝም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በእኛ ከተማ ተደጋግሞ የማየው ነገር ስለ ሆነ ነው። የሺማኖና የማጉራ ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው። አብዛኞቹ የስራም ፍሬኖች ግን እንደ መኪና ዶት የሚባለውን የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ በውስጥ ያሉት የጎማ ማኅተሞች ያብጣሉ፣ ይበላሻሉ፣ ፍሬኑም አንድ ቀን ሳይዝ ይቀራል። «ዘይት ዘይት ነው» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ በአክብሮት ውጡ። ርካሽ ዲስኮች ላይም አንዳንድ ጊዜ ከብረት ብናኝ የተሠራ ሸራ እንዳይገጠምባቸው የሚከለክል ጽሑፍ ተቀርጾባቸዋል፤ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ይነበብ።

ከፍሬን ቀጥሎ ጎማ ነው፤ እንዲያውም ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነና ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ፣ ጎማ ይቅደም እላለሁ። በአንዱ ጎማ ላይ 45 ኪሎ ግራም ቢያርፍና ጎሚስታው በልማዱ 40 ፒ ኤስ አይ ቢነፋው፣ መሬቱን የሚነካው ገጽ በግምት 16 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ግፊቱን ወደ 23 ብናወርደው 28 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በተነጠፈበት ቁልቁለት ላይ ሕይወታችን የተንጠለጠለው በእነዚህ በሁለት የክብሪት ቀፎዎች ነው። ይህ ለውጥ ሳንቲም አያስወጣም።

ሆኖም ግፊቱ ሲወርድ የውስጥ ጎማው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። የውስጥ ጎማን አስወጥቶ በፈሳሽ ማሸጊያ የሚሠራው ዘዴ የተፈለገው አንድም ለዚህ ነው። የግራር እሾህ ባለበት አገር ጥቅሙ እጥፍ ነው፤ እሾሁ ሲወጋ ፈሳሹ ቀዳዳው ላይ ረግቶ ይደፍነዋል። በበጋችን ደረቅ አየር ግን ፈሳሹ ፈጥኖ ይደርቃልና በየሁለትና ሦስት ወሩ መሙላት ያስፈልጋል። ጎማ ስትመርጡም ቀላሉን አትመኙ፤ ግድግዳው የሳሳ ጎማ በስለታም ድንጋይ ይተረተራል፤ ያንን የሚደፍን ፈሳሽ የለም። አንድ ጎማ ብቻ መግዛት ከተቻለ አዲሱ ከፊት ይግባ፣ የፊተኛው ወደ ኋላ ይሻገር። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ነጂውን ያስጠነቅቀዋል፤ የፊቱ ሲንሸራተት ግን መሬት ላይ ይጥለዋል።

ስለ ክብደት ብዙ አልናገርም። ተማሪዎቼ ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ ብለው ለካርቦን መሪና መቀመጫ ምሰሶ የሚያወጡትን ገንዘብ ሳይ አዝናለሁ። ከ90 ኪሎ ላይ ግማሽ ኪሎ ሲነሣ፣ አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ የሚተርፈው 20 ሴኮንድ ያህል ነው። ከቤት ከመውጣት በፊት ከጠርሙሱ ግማሽ ሊትር ውኃ ብናፈስ ያው ነው።

ማርሽም እንዲሁ። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አሥራ ሁለት ጥርሶች የተደረደሩበት ሥርዓት መልካም ነው፤ ሆኖም ወደ እርሱ ለመሻገር መቀየሪያው፣ እጀታው፣ ሰንሰለቱና የኋላው ጥርስ ሁሉ ይለወጣሉ፤ ትንሹ ጥርስ ባለ አሥር ከሆነማ ጥርሱን የሚሸከመው የሞዞው ክፍል ራሱ ሌላ መሆን አለበት። ዳገቱ ከብዶት ለመጣ ተማሪ እኔ የምሰጠው ምክር የፊቱን ባለ 32 ጥርስ በባለ 28 መተካት ነው። ፔዳሉ ከስምንት አንድ እጅ ይቀልለታል። ሰንሰለቱ ሲረዝም ደግሞ በጊዜ ይለወጥ፤ ያረጀ ሰንሰለት ውዱን የኋላ ጥርስ ይበላል።

አሁን ወደ ሹካ ልምጣ፤ ወደ ራሴም ጥፋት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት 100 ሚሊ ሜትር የሚተጣጠፍ የፊት ሹካ ያላት የአሉሚኒየም ብስክሌት ነበረችኝ። አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ሲመጣ ባለ 140 ሹካ አመጣልኝ። የፍሬሙ ሰነድ ከ120 በላይ እንዳይገጠም ይናገር ነበር፤ አንብቤዋለሁ። የነጋዴ ጥንቃቄ ነው ብዬ አለፍኩት። የቁሶችን ጥንካሬ ለሃያ ዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ የታየኝ የመሪው ጠባይ መለወጥ ነው። የብስክሌቷ ሁለት ጎማዎች ከ1.1 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ስለሚገኙ፣ ፊቷ 40 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል መላ አካሏ ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያዘነብላል። በቁልቁለት ላይ ይህ ያስደስታል፤ በዳገት ላይ ግን ኮርቻው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የፊት ጎማው ቀልሎ ይዋልላል። ይህን ለምጄው ተውኩት። ያልታየኝ ሌላው ነው። ሹካ ማለት ፍሬሙን ከአንገቱ ላይ የሚጠመዝዝ ዘንግ ነው። ርዝመቱ ስምንት በመቶ ሲጨምር በአንገቱ ብየዳ ላይ የሚያርፈው ጫና ቢያንስ በዚያው ልክ ይጨምራል። «ስምንት በመቶ ምን አላት?» ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። የብረታ ብረት ድካም ግን ከጫናው ጋር እኩል አይራመድም፤ ጫናው በጥቂቱ ሲጨምር ዕድሜው በብዙ ያጥራል። አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ተራ ብረት «ከዚህ በታች አልደክምም» የሚልበት ግልጽ ወሰን የለውም። ይህን ዐረፍተ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍኩት አላውቅም።

ልጄ በዚያች ብስክሌት መንዳት ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ማታ «አባዬ፣ ፊቷ ላይ ሲጢጥ የሚል ነገር አለ» አለችኝ። ሳልነሣ «ኩሽኔታው ደርቆ ነው፣ ግራሶ እቀባዋለሁ» ብዬ መለስኩላት። በማግሥቱ እንደ ገና ወጣች። ከእንጦጦ ስትወርድ ድምፁ ስለ ባሰባት፣ እኔን ሳታምን ከብስክሌቷ ወርዳ፣ የቀረውን ቁልቁለት እየገፋቻት በእግሯ ጨረሰችው። ቤት ስትደርስ አንገቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት። ከብየዳው ግርጌ ተነሥቶ የቱቦውን ዙሪያ ሲሶውን የከበበ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ሹካ ለምትመርጡ ሰዎች፣ የፍሬሙ ሰነድ የሚፈቅደው ልክ የመጀመሪያው መስፈርት ይሁን። የአንገቱ ቱቦ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ ታች የሚሰፋ? የመዞሪያው ስፋትስ 100 ነው ወይስ 110 ሚሊ ሜትር? አክስት ከመሳፈሯ በፊት ይለካ።

ያለው ሹካ ደግሞ ሳይስተካከል አይወቀስ። ነጂው በመንጃው አቋም ሲቆምበት ከመተጣጠፊያው ርዝመት አንድ አምስተኛ ያህል መስመጥ አለበት፤ ባለ 140 ከሆነ 28 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ በእግሩ ላይ ያለው ቀጭን የጎማ ቀለበት ልኩን ያሳያል። አንድ የእኛ አገር ነገርም አለ። ከባሕር ጠለል አጠገብ የተገጣጠመ ሹካ በታችኛው ክፍሉ የዚያን አገር አየር ይዞ ይመጣል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የውጩ ግፊት ወደ 70 በመቶ ስለሚወርድ፣ ያ የታፈነ አየር ከውስጥ ይገፋል፤ ሹካውም ያለ ምክንያት የደነደነ ይመስላል። አንዳንድ ሹካዎች ማስተንፈሻ ቁልፍ አላቸው። ለሌላቸው፣ ጎማው ከመሬት እንደ ተነሣ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በአቧራ መከላከያው ጠርዝ በጥንቃቄ ሲገባ እስ ብሎ ይወጣል። ስንት «የተበላሸ» ሹካ በዚህ ብቻ እንደ ዳነ አይቻለሁ።

የተሰነጠቀው ፍሬም ከአዳራሹ ወጥታችሁ በስተ ግራ ባለው ወርክሾፕ፣ በመስኮቱ ሥር ባለው ማቆሚያ ላይ ታስሯል። አልጣልኩትም፤ የድካም ስብራትን ሳስተምር የማሳየው እርሱን ነው። ማጉሊያ መነጽርም አጠገቡ አስቀምጫለሁ፤ ስንጥቁ ያለ እርሱ አይታይም ማለቴ ሳይሆን፣ ቀን በቀን እንደ ተራመደ የሚያሳዩት መስመሮች በእርሱ ይበልጥ ስለሚጎሉ ነው። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ፤ የብስክሌታቸውን ፎቶግራፍ የያዙ ይቅደሙ።