ትንሽ ሕመም

በጫማችን የገባች ጠጠር ወይም የማይለቅ የጥርስ ጥዝጣዜ ቀኑን ሙሉ ሲከተለን ጉልበታችን ይደክማል፤ ፊታችን ይጠቁራል፤ ቤተ ሰባችንንም ያለ በደላቸው እንቈጣለን። ሕመሙን ግን «ትንሽ ነው» ብለን እንንቀዋለን።

ይህ ሕመም ባይሰማንስ? በ1958 ዓ.ም. በዘነበወርቅ የተመሠረተው አለርት የሚያክማቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን እናስብ፤ ደዌው ነርቩን የጎዳበት እግር ጠጠሯን ሳያውቃት ይቈስላል። እንግዲህ ትንሹ ሕመም ለሥጋችን የተሰጠ ጠባቂ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ቻለው ብሎ አልተወውም፤ የሚረዳውን መከረው። እኛም ጠባቂውን ሰምተን እንታከም፤ የሚነጫነጨውንም ባልንጀራችንን ከመገሠጻችን አስቀድመን «ምንህን ያምሃል?» ብለን እንጠይቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።